ከሰፈፍ እስከ ጧፍ፦ በሞላሌ አካባቢ ለሚሠራ አነስተኛ የጧፍና የገላ ቅባት ሥራ የወጪ ስሌትና የሰም ጥራት

መግቢያ

መንዝን በማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ዘንድ ካስተዋወቁት ሥራዎች አንዱ ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ያሳተሙት «ሰምና ወርቅ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። በዚያ መጽሐፍ ሰም የቅኔው ላይኛ ፍቺ ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚመለከተው እውነተኛውን ሰም፣ በሚዛን ተገዝቶ፣ ቀልጦና ተጣርቶ ጧፍ የሚሆነውን ነው።

ጧፍ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ውስጥ የማይቀር ዕቃ ነው። ምእመናን ለስለት፣ ለወርኃዊና ለዓመታዊ በዓል፣ ለጸሎትና ለመታሰቢያ ያበሩታል። አሠራሩም ትልቅ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ሰም፣ የጥጥ ፈትል፣ ማቅለጫ ዕቃና የሠለጠነ እጅ ይበቃዋል። በዚህም ምክንያት የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ በሆነችው በሞላሌም ሆነ በአካባቢዋ ገበያዎች ጥቂት ጥሪት ያላቸው ሴቶችና ወጣቶች ሊሰማሩበት የሚችል የቤት ውስጥ ሥራ ነው። ነገር ግን ሥራው ቀላል መስሎ ብዙዎችን የሚያከስር አንድ ነገር አለው፤ እርሱም በማጣራት የሚጠፋው የሰም ክብደት በዋጋ ስሌት ውስጥ አለመግባቱ ነው። ይህ ጽሑፍ የተሳሳተ ስሌት ወደ ቅየጣ እንዴት እንደሚመራ፣ ቅየጣውም ተመልሶ የሥራውን መሠረት እንዴት እንደሚያጠፋ ለማሳየት ይሞክራል።

የሰም ምንጭና እጥረቱ

ኢትዮጵያ በሰም ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ፣ ከዓለምም ከፍተኛ ምርት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት። ሰም ከቡና፣ ከዝሆን ጥርስና ከዝባድ ጋር ለረጅም ዘመን ወደ ውጭ ሲላክ ኖሯል። የዚህ ሁሉ ሰም ዋና መገኛ የንብ አናቢው ደጅ ሳይሆን የጠጅ ጋን ነው። ማሩ ከነእንጀራው ተበጥብጦ ጠጅ ሲጣል ሰሙ ከላይ ይሰፍፋል፤ ስሙንም ሰፈፍ ያሰኘው ይኸው ነው። ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትር ገደማ በሆነው የመንዝ ደጋ ብርዱና ነፋሱ ንቦችን ስለሚፈትን ማሩ የሚሰበሰበው በዋናነት ከክረምት በኋላ፣ አደይ አበባና ማገጥ ካበቡ በኋላ ነው። ስለዚህ የሞላሌ ጧፍ ሠሪ በአካባቢው ሰፈፍ ብቻ ዓመቱን ሙሉ ይሠራል ተብሎ አይጠበቅም፤ ከደብረ ብርሃንና ከሌሎች ከተሞች ጠጅ ቤቶች መግዛት ግድ ይለዋል።

በዚህ ላይ አንድ ብዙ ያልታሰበበት ለውጥ አለ። ከባህላዊ ቀፎ የሚገኘው ሰም ከማሩ ክብደት ከ8 እስከ 10 በመቶ እንደሚደርስ ይገመታል። በፍሬም በተሠራው ዘመናዊ ቀፎ ግን እንጀራው ሳይሰበር ማሩ በማጣሪያ ተጨምቆ እንጀራው ወደ ቀፎው ስለሚመለስ፣ የሚገኘው ሰም ከማሩ ክብደት ከ0.5 እስከ 2 በመቶ ብቻ ነው። አንድ ባህላዊ ቀፎ 5 ኪሎ ግራም ማር ቢሰጥና ከዚህም 10 በመቶው ሰም ቢሆን ግማሽ ኪሎ ሰም ይገኛል። በምትኩ የገባው ዘመናዊ ቀፎ 20 ኪሎ ግራም ማር ሰጥቶ ሰሙ 1 በመቶ ቢሆን የሚገኘው 200 ግራም ነው። ማሩ አራት እጥፍ ሲያድግ ሰሙ ከግማሽ በታች ይወርዳል ማለት ነው። ዘመናዊው ቀፎ ደግሞ ራሱ ሰም ፈላጊ ነው፤ ንቦቹ እንጀራቸውን የሚጀምሩበት በሰም ማተሚያ የሚታተም የሰም ሉህ ይፈልጋል። የዘመናዊ ቀፎ መስፋፋት ለማር አምራቹ በጎ ቢሆንም፣ ለጧፍ ሠሪው ግን የሰም አቅርቦት እያነሰ፣ ተፎካካሪ ገዢ እየበዛ የሚሄድበት ሁኔታ ነው።

የሚጠፋው ክብደት

ሰፈፍ ንጹሕ ሰም አይደለም። የጌሾ ቅጠልና እንጨት፣ የሞቱ ንቦች፣ የእጭ ልባስ፣ የጠጅ ዝቃጭና ውኃ ይገኙበታል። ለማጣራት በመጀመሪያ በለብታ ውኃ ዘፍዝፎ ጣፋጩንና አሲዱን ማጠብ፣ ከዚያም ከውኃ ጋር አቅልጦ በጨርቅ ማጥለልና መጭመቅ፣ በመጨረሻም ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተሸፍኖ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። ሲረጋ ሰሙ ከላይ ይቀመጣል፤ ከሥሩ የሚጣበቀው ዝቃጭ በቢላዋ ይፋቃል። የዝናብ ውኃ ከጉድጓድ ውኃ ይመረጣል፤ ማዕድን የበዛበት ውኃ ከሰሙ ጋር ተደባልቆ ክፍሉን ያደፈርሰዋልና። ዕቃውም ከማይዝግ ብረት ወይም በኢናሜል ከተለበጠ ቢሆን ይሻላል፤ የዛገ ብረት ሰሙን ያጠቁረዋል፣ መዳብም አረንጓዴ መልክ ይሰጠዋል።

ሰም የሚቀልጠው ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ሲሆን፣ ከ85 ዲግሪ ሲያልፍ ቀለሙና ሽታው መበላሸት ይጀምራል። በሞላሌ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በዚህ ደጋ ሰምን በፈላ ውኃ ላይ በተቀመጠ ዕቃ ማቅለጥ ከቆላው ይልቅ ለሰሙ ምቹ ነው። በቀጥታ በእሳት ላይ ማቅለጥ ግን ሰሙን ከማቃጠሉም በላይ የቤት ቃጠሎ አደጋ አለው። የተቀጣጠለ ሰም ላይ ውኃ ማፍሰስ እሳቱን ስለሚያስፋፋ ዕቃውን በክዳን ማፈን ብቻ ይገባል።

የሚከተለው ምሳሌ የስሌቱን መንገድ ለማሳየት የተሠራ እንጂ የወቅቱን የገበያ ዋጋ የሚያመለክት አይደለም። አንዲት ሠሪ 10 ኪሎ ሰፈፍ በኪሎ 100 ብር ሂሳብ ገዛች እንበል፤ ያወጣችው 1,000 ብር ነው። ሰፈፉ ሲጣራ 6.5 ኪሎ ንጹሕ ሰም ቢሰጥ የአንዱ ኪሎ ሰም ዋጋ 100 ብር ሳይሆን 154 ብር ሆነ። ለማገዶ፣ ለፈትልና ለማጓጓዣ 120 ብር፣ ለ3 ቀን የእጅ ሥራ 240 ብር ቢታሰብ ጠቅላላ ወጪው 1,360 ብር፣ ለአንድ ኪሎም 209 ብር ገደማ ይመጣል። ይህች ሴት «በ100 ገዝቼ በ130 ብሸጥ 30 አተርፋለሁ» ብላ ብትነሣ በእያንዳንዱ ኪሎ 79 ብር፣ በጠቅላላው ከ500 ብር በላይ ትከስራለች። ኪሳራው በአንድ ቀን አይታይም፤ የራሷ ድካም ስለማይቆጠርና ማገዶው ከቤት ስለሚወጣ ሥራው እየሄደ ይመስላል። የሚታየው ለሁለተኛ ጊዜ ሰፈፍ ለመግዛት ስትነሣ ገንዘቡ ሲያንሳት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መዝገብ የገንዘብ ሳይሆን የክብደት መዝገብ መሆን አለበት፦ የገባ ሰፈፍ፣ የወጣ ንጹሕ ሰም፣ የተሠራ ጧፍ ብዛት። ይህ መዝገብ የትኛው ሻጭ ንጹሕ፣ የትኛውስ ውኃና ዝቃጭ የበዛበት ሰፈፍ እንደሚያቀርብ በጥቂት ወራት ውስጥ ይለያል፤ ለሚቀጥለው ግዢም የመደራደሪያ ማስረጃ ይሆናል።

ቅየጣና መመለሻው

ጎድሎ የታየውን ገንዘብ ለመሙላት ቅርቡ መንገድ ፓራፊን መቀላቀል ነው። ፓራፊን ከነዳጅ ዘይት የሚገኝ፣ ከውጭ የሚገባና አብዛኛውን ጊዜ ከንብ ሰም የሚረክስ ነው። ከፓራፊን የተሠራ ሻማ በስሙ ሲሸጥ ነውር የለበትም። ነውሩ የተቀየጠው «ንጹሕ ጧፍ» ተብሎ ለመቅደስ ሲቀርብ ነው። ገዢው ለስለት የሰጠው ነገር እርሱ ያሰበው አይደለምና።

ጉዳዩ ግን በእምነት ብቻ አያበቃም። ሰም ተመላላሽ ሀብት ነው። በቤተ ክርስቲያን የሚቀረው የጧፍ ርጋፊና ቁራጭ ተሰብስቦ እንደገና ይቀልጣል፤ ከዚያም ዳግመኛ ጧፍ ወይም የቀፎ ሉህ ይሆናል። አንድ ጊዜ የገባ ፓራፊን በማቅለጥም ሆነ በማጥለል አይለይም፤ በየዙሩ ይከማቻል። የተቀየጠ ሰም ለቀፎ ሉህ ሲውል እንጀራው በሙቀት ይለጠጣል፣ ይወድቃል፤ ንቦችም ሊሸሹት ይችላሉ። በዚህ መንገድ የጧፍ ሠሪው ቅየጣ ዞሮ ሰም የሚሰጠውን ንብ አናቢ ይጎዳል።

ቅየጣን ለመለየት ውድ ላቦራቶሪ የግድ አይደለም። ንጹሕ ሰም ቀዝቅዞ ሲሰበር ስብራቱ ደብዛዛና ቅንጣታዊ ነው፣ የማር ሽታ አለው፣ በጣት ሲታሽም እንደ ቅባት አይንሸራተትም። ከዚህ የበለጠ አስተማማኝ የሆነው የመንሳፈፍ ፈተና ነው። የንጹሕ ሰም እፍግታ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.96 ግራም ገደማ ሲሆን ፓራፊን ወደ 0.90 ይጠጋል። በመስታወት ብርጭቆ ዳግም አረቄ ተቀድቶ፣ ንጹሕነቱ የታወቀ ቁራጭ ሰም ሲጣልበት ይሰምጣል። ከዚያ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ያማሰላሉ፤ ቁራጩ ከሥር ተነሥቶ በመካከል ሲንሳፈፍ ይቆማል። በዚሁ ፈሳሽ የተጠረጠረው ሰም ሲጨመር በፍጥነት ወደ ላይ ከወጣ ፓራፊን ወይም ሞራ ገብቶበታል ብሎ መጠርጠር ይገባል። ሁለቱ ቁራጮች እኩል የቀዘቀዙና የአየር አረፋ የሌለባቸው መሆን አለባቸው። ይህን ፈተና ሠሪዋ በሻጩ ፊት ሰፈፍ ስትገዛ፣ በገዢው ፊትም ጧፍ ስትሸጥ ብታሳየው ከማንኛውም ማስታወቂያ ይበልጣል።

የገዢውን የዋጋ ቅሬታ ለመመለስ ሌላው መንገድ የነደደበትን ጊዜ መለካት ነው። አንድ ጧፍ ተመዝኖ ነፋስ በሌለበት ክፍል አንድ ሰዓት ከነደደ በኋላ እንደገና ይመዘናል። በሰዓት ስንት ግራም እንደሚበላ ሲታወቅ ጧፍን ከሻማ በቁመት ወይም በቁጥር ሳይሆን በብርሃን ሰዓት ማወዳደር ይቻላል። ፈተናው የፈትሉንም ውፍረት ያርማል፤ የቀጠነ ፈትል በቀለጠው ሰም ሰጥሞ ይጠፋል፣ የወፈረው ደግሞ ይጨሳል፣ ሰሙንም ያባክናል።

ወቅትና ተጓዳኝ ምርት

የጧፍ ፍላጎት በዓላትን ይከተላል። ጥምቀት፣ የዐቢይ ጾም መጨረሻና የትንሣኤ ሌሊት፣ የነሐሴው ጾመ ፍልሰታ፣ መስቀልና የየአጥቢያው ንግሥ ዋና ዋና ወቅቶች ናቸው። አዲስ ማርና ሰፈፍ በገበያ የሚበዛው ደግሞ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ስለዚህ ጥሪቱ በኅዳር ሰፈፍ ላይ ውሎ እስከ ትንሣኤ ታስሮ ይቆያል። ተጣርቶ የተቀመጠ ንጹሕ ሰም ለዓመታት ስለማይበላሽ ይህ አይጎዳም፤ ያልቀለጠ እንጀራ ግን በሰም ትል ስለሚበላ ሳይዘገይ መቅለጥ አለበት።

በበዓላት መካከል ያለውን ባዶ ጊዜ የሚሞላው ከዚሁ ሰም የሚሠራ የገላ ቅባት ነው። በደረቁና በብርዳማው ደጋ የተረከዝ፣ የእጅና የከንፈር መሰንጠቅ የተለመደ ነው። 1 እጅ ንጹሕ ሰም በ4 እጅ የሱፍ ዘይት በፈላ ውኃ ላይ ቀልጦ ሲቀዘቅዝ ቅባት ይሆናል። 1 ኪሎ ሰም 5 ኪሎ ቅባት ስለሚወጣው ውዱ ግብአት በቀጭኑ ይሰራጫል። ውኃ ስለማይገባበት በቀላሉ አይሻግትም፤ ዕድሜውን የሚወስነው የዘይቱ ትኩስነት ነው። በአካባቢው የሚበቅለው ተልባ ለዚህ አይመከርም፤ ዘይቱ በአየር ይደርቃል፣ ሽታውም ቶሎ ይለወጣል።

መንዝ በበጉ የታወቀ በመሆኑ ሞራ ለሳሙና ቅርብ ነው። ለ1 ኪሎ የተጣራ ሞራ 130 ግራም ገደማ ኮስቲክ ሶዳ ያስፈልጋል፤ ጥቂት ቅባት ሳይለወጥ ቀርቶ ገላን እንዳያደርቅ መጠኑ ሆን ተብሎ ዝቅ ይደረጋል። ሶዳው ወደ ውኃ እንጂ ውኃው ወደ ሶዳ አይጨመርም፤ የአሉሚኒየም ዕቃ አይነካውም፤ ጓንትና የዓይን መከላከያም ግዴታ ነው። ሳሙናው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሳይደርቅ ለገበያ አይወጣም። እንዶድ ነባር የልብስ ማጠቢያ ቢሆንም በገላ ሳሙና ውስጥ መጨመሩ አይደገፍም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ እንዶድ የሚታጠብበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል ያስተዋሉበት ያው ኃይሉ ዓይንንና የአፍንጫን ውስጥ ያስቆጣል።

መደምደሚያ

በሞላሌና በአካባቢዋ ይህን ሥራ ለሚጀምር ሰው ከማቅለጫው ዕቃ በፊት ሚዛንና መዝገብ ይቀድማሉ። የሚጠፋው ክብደትና የሠሪው ድካም በዋጋው ውስጥ ካልተቆጠሩ ንጹሕ ጧፍ የሚሠራው ሰው ይከስራል፣ የሚቀይጠው ይሰነብታል፤ በመጨረሻም የሚቀየጥ ንጹሕ ሰም ራሱ ከገበያው ይጠፋል። ጥቂት ሠሪዎች በአንድነት ሰፈፍ በኅዳር ቢገዙ፣ በአንድ ፈተና ቢቀበሉ፣ የየአጥቢያውን ርጋፊም ንጹሑን ከተቀየጠው ለይተው ቢሰበስቡ እያንዳንዳቸው ብቻቸውን የማይችሉትን ይችላሉ። የንብ ሀብት ባለሙያዎችም ዘመናዊ ቀፎን ሲያስተዋውቁ የማሩን ጭማሪ ብቻ ሳይሆን የሰሙንም ቅናሽ ቢመዘግቡ፣ ማር አምራቹና ጧፍ ሠሪው የሚሻሙበት ሰም ምን ያህል እንደሆነ አስቀድሞ ለማወቅ ይረዳል።