ዕጣ የወጣለት ሰው ግብሩን እንዴት ይከፍላል?

ዓለም ጤና ከሞጆ ወደ መቂ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በገበያ ቀን የአካባቢው ገበሬ ጤፉንና ቦሎቄውን፣ ሽንኩርቱንና ቲማቲሙን ይዞ ይመጣል። የያዘውን ሸጦ፣ የሚፈልገውን ገዝቶ ይመለሳል። በገበያው መካከል ሎተሪ አዟሪዎች ይዘዋወራሉ። አንዳንዱ ገበሬ ከትርፍ ብሩ ላይ አንድ ትኬት ይገዛል፤ አጥፎ ኪሱ ውስጥ ይከታል።

ዛሬ የምናጠናው ስለዚህች ትኬት ነው። ዕጣው ቢወጣ ግብር አለበት? ግብሩስ ስንት ነው? የሚከፈለውስ በማን በኩል ነው? ይህን አለማወቅ ከብት ያሸጣል። እንዴት እንደሆነ በምሳሌ እንመልከት።

አንድ የስልክ ጥሪ

በዓለም ጤና ዙሪያ የሚኖር አንድ ገበሬ እናስብ። ይህ ሰው በገበያ ቀን የሎተሪ ትኬት ገዝቷል። ከጥቂት ቀናት በኋላ ስልኩ ጮኸ።

«አባቴ፣ እንኳን ደስ አለዎት! የሎተሪ ዕጣ ወጥቶልዎታል። 200,000 ብር!» አለ ደዋዩ።

«እውነትህን ነው ልጄ?»

«እውነት ነው እንጂ! ግን የመንግሥት ግብር አለበት። ከመቶ 15 ነው፤ 30,000 ብር ይሆናል። ዛሬውኑ በስልክ ይላኩልን። ካልላኩ ዕጣው ለሌላ ሰው ያልፋል።»

ገበሬው ቤቱ ውስጥ 30,000 ብር የለውም። ወይፈኑን ነድቶ ገበያ ሊያወጣ አሰበ። ነገሩን ለሚስቱ ነገራት። እሷም ከእሱ ጋር የጎልማሶች ትምህርት የተማረች ናት።

«እስቲ መጀመሪያ ትኬቱን አምጣው» አለችው።

ትኬቱን ተቀብላ ቀስ ብላ አነበበች። ከዚያም ሳቀች።

«ይኸውልህ! ይህ ዕጣ የሚወጣው ገና ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ያልወጣ ዕጣ ለአንተ እንዴት ወጣ?»

ስልኩ እንደገና ጮኸ። አሁን ገበሬው አልቸኮለም። «ልጄ» አለ፣ «እኔ ብር የለኝም። ግብሩን ከዕጣው ላይ ቀንሳችሁ አስቀሩ። የተረፈውን 170,000 ብር ስጡኝ።»

ደዋዩ ዝም አለ። ስልኩ ተዘጋ። ዳግመኛም አልጮኸም። ወይፈኑም በበረቱ ቀረ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ!

ሕጉ ምን ይላል?

የደዋዩ ነገር ሁሉ ውሸት አልነበረም። ዕጣ በእርግጥ ግብር አለበት። ከመቶ 15 የሚለውም ከአዋጅ የተወሰደ ቁጥር ነው። ውሸቱ ያለው በአከፋፈሉ ላይ ነው። ስለዚህ ሕጉን ራሳችን እንወቀው።

ብሔራዊ ሎተሪ በአገራችን የተቋቋመው በ1954 ዓ.ም. ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 286 በዕድል ሙከራ በሚገኝ ገቢ ላይ ከመቶ 15 ግብር እንዲከፈል ደነገገ። የዕድል ሙከራ ማለት ሎተሪ፣ ቶምቦላና እነዚህን የመሳሰሉ ናቸው። ከ100 ብር በታች የሆነ ዕጣ ግብር አልነበረበትም።

በ2008 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 979 ወጣ። ይህ አዋጅ ልኩን በዚያው በ15 ከመቶ አቆየው። ነገር ግን ከግብር ነፃ የሆነውን ዕጣ ከፍ አደረገው፤ ከ1,000 ብር በታች የሆነ ዕጣ ግብር እንዳይቀነስበት ወሰነ። ይህ የገቢ ግብር አዋጅ በ2017 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሏል። የግብር ልክ እንዲህ በየጊዜው በአዋጅ ይሻሻላል። ስለዚህ ዕጣ የወጣለት ሰው የዚያን ጊዜውን ልክ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቆ ማረጋገጥ አለበት። በዚህ ጽሑፍ የምናሰላው በ2008ቱ አዋጅ ልክ ነው።

ግብሩን ማን ያስገባል?

ገበሬ የሚያውቀው ግብር የመሬት መጠቀሚያና የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ነው። ይህን ግብር ገበሬው ራሱ ብሩን ይዞ ሄዶ ይከፍላል፤ ደረሰኝም ይቀበላል። «ግብር ክፈል» ሲባል ብር ቆጥሮ ማውጣት የሚታየን ለዚህ ነው። አታላዩም የሚጠቀመው በዚሁ ልማዳችን ነው።

የዕጣ ግብር ግን መንገዱ ሌላ ነው። ግብሩን ቀንሶ የሚያስቀረው ዕጣውን የሚከፍለው ድርጅት ነው። ድርጅቱ በመጀመሪያ ግብሩን ያሰላል። ከዕጣው ላይ ቀንሶ ለብቻ ያስቀምጣል። የቀረውን ለባለዕድሉ ይሰጣል። የቀነሰውን ደግሞ ለገቢዎች መሥሪያ ቤት አሳውቆ ያስገባል። ይህ ሥራ «ግብር ቀንሶ ማስቀረት» ይባላል። የስፖርት ውርርድ የሚያካሂድ ድርጅትም እንዲሁ ያደርጋል።

እንዲህ ተቀንሶ የቀረው ግብር የመጨረሻ ግብር ነው። ባለዕድሉ በዓመቱ መጨረሻ ስለዚያው ዕጣ ዳግመኛ ግብር አይጠየቅም። ከእርሻ ግብሩም ጋር አይደባለቅም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የዕጣ ግብር ከዕጣው ላይ ይቀነሳል እንጂ ከባለዕድሉ ኪስ አይወጣም። ዕጣውን ሳይሰጥ «አስቀድመህ ግብር ላክ» የሚል ሁሉ ሌባ ነው።

ሒሳቡን እንሥራ

ከመቶ 15 ማለት ከየ100 ብሩ 15 ብር ማለት ነው። 200,000 ብር ውስጥ 2,000 መቶ ብሮች አሉ። 2,000 ጊዜ 15 ስናባዛ 30,000 ይሆናል። ግብሩ 30,000 ብር ነው። ለባለዕድሉ 170,000 ብር ይቀራል።

ሌላ ሒሳብ እንጨምር። አንድ ሰው በዓመት ውስጥ በ3,000 ብር ትኬት ገዛ። አንድ ቀን 2,000 ብር ወጣለት። «3,000 አውጥቼ 2,000 አገኘሁ፤ አተረፍኩ እንዴ? ታዲያ ለምን ግብር ይቀነስብኛል?» ይል ይሆናል። ሕጉ ግን የሚያየው የወጣውን ዕጣ ብቻ ነው። ለትኬት የወጣው ገንዘብ አይታሰብም። ስለዚህ ከ2,000 ብሩ ላይ 300 ብር ይቀነሳል። እጁ የሚገባው 1,700 ብር ነው። በዓመቱ 1,300 ብር ከስሯል ማለት ነው። ዕድል መሞከር ምን ያህል እንደሚያስወጣ ከዚህ ይታያል። ለዘርና ለማዳበሪያ የተቀመጠ ብር ለትኬት አይነካም።

ትኬትህን ልግዛህ የሚል ሰው

ሌላም ማታለያ አለ። ዕጣ በእውነት የወጣለትን ሰው አንዱ ቀርቦ «መንግሥት ግብር ይወስድብሃል፤ መመላለሱም ያደክምሃል፤ ትኬቱን በ150,000 ብር ልግዛህ» ይለዋል። ሒሳብ የማያውቅ ሰው ደስ ይለዋል። ሒሳብ የሚያውቅ ግን ያሰላል። ግብሩ ተቀንሶ የሚቀረው 170,000 ብር ነው። ትኬቱን ቢሸጥ 20,000 ብር ያጣል። የአንድ ቀን መንገድ ይህን ያህል ዋጋ የለውም።

የውጭ አገር ዕጣስ?

የዕጣ ግብር በየአገሩ ይለያያል። በእንግሊዝ አገር ሎተሪ የወጣለት ሰው በዕጣው ላይ የገቢ ግብር አይከፍልም። በአሜሪካ ደግሞ ሎተሪው ከ5,000 ዶላር በላይ ሲሆን ከፋዩ ከመቶ 24 ቀንሶ ያስቀራል። ባለዕድሉም ገቢውን በዓመታዊ ሒሳቡ ላይ ያሳውቃል። እዚያም ቢሆን የሚቀነሰው ከዕጣው ላይ ነው።

አንዳንድ ጊዜ «የውጭ አገር ሎተሪ ደርሶዎታል» የሚል መልእክት በስልክ ይመጣል። ይህን ለመመርመር ሕግ ማወቅም አያስፈልግ። ያልዘራኸው አይበቅልም፤ ያልገዛኸው ትኬትም ዕጣ አይወጣለትም።

ምን እናድርግ?

1. ትኬት ስትገዙ ቁጥሩንና ዕጣው የሚወጣበትን ቀን አንብቡ። በደብተር ላይም ጻፉ።
2. ዕጣው ሲወጣ ቁጥሩን ራሳችሁ ከወጣው ዝርዝር ጋር አስተያዩ። ማንበብ ካስቸገራችሁ የምታምኑት ሰው ያንብብላችሁ። ትኬቱን ግን ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ።
3. ዕጣ ከወጣላችሁ ሳትዘገዩ ትኬቱን ይዛችሁ ራሳችሁ ወደ ሎተሪው ጽሕፈት ቤት ሂዱ። መታወቂያችሁን አትርሱ።
4. የዕጣው ልክ፣ የተቀነሰው ግብርና የተሰጣችሁ ብር የተጻፈበትን ወረቀት ጠይቁ። አንብባችሁ፣ ሒሳቡን ሠርታችሁ ፈርሙ። ወረቀቱን ከግብር ደረሰኞቻችሁ ጋር አስቀምጡት። ነገ «ይህ ብር ከየት መጣ?» የሚል ቢኖር መልሱ እሱ ነው።
5. በስልክ ለሚደውል ሰው ብር አትላኩ፤ የገንዘባችሁንም የምስጢር ቁጥር አትንገሩ። «ግብሩን ከዕጣው ላይ ቀንሱና የቀረውን ስጡኝ» በሉት። መልሱን ያን ጊዜ ታያላችሁ።

የቃላት ፍች

ባለዕድል፦ ዕጣ የወጣለት ሰው።
ቀንሶ ማስቀረት፦ ከሚከፈል ገንዘብ ላይ ግብሩን አስቀድሞ መያዝ።
የዕድል ሙከራ፦ ውጤቱ በዕድል የሚወሰን ጨዋታ።
ከመቶ፦ ከየ100ው።

ጥያቄዎች

1. ደዋዩ እውነት የተናገረው በምኑ ላይ ነው? የዋሸውስ?
2. የዕጣ ግብር አከፋፈል ከእርሻ ግብር አከፋፈል በምን ይለያል?
3. ዕጣው 40,000 ብር ቢሆን፣ በ2008ቱ አዋጅ ልክ ግብሩ ስንት ይሆናል? ለባለዕድሉስ ስንት ይቀራል?
4. 800 ብር የወጣለት ሰው በዚያው አዋጅ ግብር ይቀነስበታል? ለምን?
5. በአካባቢያችሁ በስልክ የተታለለ ሰው አለ? እንዴት እንደተታለለ ተወያዩ። ይህን ጽሑፍም ማንበብ ለማይችል ጎረቤት አንብቡለት።