ስለ ልዩ ልዩ የክሪፕቶ ገንዘቦችና ለነጋዴ ስለሚሰጡት አገልግሎት

የቀድሞው የኢትዮጵያ ነጋዴ በአንድ ዐይነት ገንዘብ ብቻ አልነገደም። ለአነስተኛው ግብይት አሞሌ ጨው፣ ለትልቁ የማርያ ቴሬዛ ብር ይዞ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር፤ አሞሌውም ከአፋር የጨው ሜዳ በራቀ መጠን ዋጋው እየጨመረ መሄዱን ያውቅ ነበር። ስለዚህ የትኛው ገንዘብ ይበልጣል ከማለት ይልቅ የትኛው ለየትኛው ሥራ ይሆናል ብሎ ይመረምር ነበር። ዛሬም ከዱባይ ወይም ከጓንግዡ ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ «ሒሳቡን በክሪፕቶ ላክልኝ» የሚል መልእክት ሲደርሰው ሊጠይቅ የሚገባው ይህንኑ ነው፤ ክሪፕቶ የሚለው ስም ጠባያቸው እጅግ የተለያየ ብዙ ገንዘቦችን በአንድነት ያጠቃልላልና። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሁሉም በኵር ቢትኮይን ነው። ሳቶሺ ናካሞቶ በሚባል የብዕር ስም ሐሳቡ በ2008 ታትሞ፣ በ2009 ሥራ ጀመረ። አሳታሚ ባንክ የለውም፤ ዝውውሩ ሁሉ በልዩ ልዩ አገሮች በሚገኙ ብዙ ኮምፒዩተሮች ዘንድ በሚጠበቅ ብሎክቼይን በተባለ የጋራ መዝገብ ይሰፍራል። በየዐሥር ደቂቃው ገደማ አዲስ ገጽ ይጨመርበታል፤ ጠቅላላ ብዛቱም ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ ተወስኗል። ይህ ቁጥብነቱ ሀብት ለሚያከማች ሰው የሚማርክ ቢሆንም፣ ዋጋ ቆርጦ ለሚሸጥ ነጋዴ ግን አይመችም። በኖቬምበር 2021 አንዱ ቢትኮይን ወደ 69,000 ዶላር ገደማ ደርሶ ነበር፤ በዓመቱ ከ16,000 ዶላር በታች ወረደ። በዚያ ከፍተኛ ዋጋ የ10,000 ዶላር ሒሳብ ተቀብሎ ያስቀመጠ ላኪ ከዓመት በኋላ በእጁ የቀረው 2,300 ዶላር ያህል ብቻ በሆነ ነበር። በአንድ ኬሻ ቡና ጥቂት ለማትረፍ የሚደክም ሰው ይህን ዐይነቱን ኪሳራ እንዴት ይሸከመዋል? ኤል ሳልቫዶር በሴፕቴምበር 2021 ቢትኮይንን ሕጋዊ መገበያያ አድርጋ ደንግጋ ሳለ፣ በጃንዋሪ 2025 ሕጉን አሻሽላ ባለሱቆች እንዲቀበሉ የሚያስገድደውን ድንጋጌ አንሥታለች።

ከቢትኮይን በኋላ ከመጡት መካከል በ2011 ቻርሊ ሊ የተባለ መሐንዲስ ያወጣው ላይትኮይን የመዝገቡ ገጽ በሁለት ደቂቃ ተኩል ያህል የሚታደስ፣ ብዛቱም በ84 ሚሊዮን የተወሰነ ነው። ለአነስተኛ ክፍያ ይቀላል፤ የዋጋው መዋዠቅ ግን ያው ነው። በ2013 ለቀልድ የተፈጠረው ዶጅኮይን በየዓመቱ 5 ቢሊዮን የሚጨመርበት ስለ ሆነ እዚህ ላይ ብዙ ሊጻፍለት አያስፈልግም።

ኤክስአርፒ ሌላ ዐላማ አለው። ከ2012 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን፣ ዝውውሩ ከ3 እስከ 5 ሰከንድ ባለ ጊዜ ይጠናቀቃል። የታሰበውም በሁለት አገሮች ገንዘብ መካከል እንደ ድልድይ እንዲያገለግል ነው፤ ይኸውም የላኪው ገንዘብ ወደ ኤክስአርፒ ተለውጦ፣ ወዲያው በተቀባዩ አገር ገንዘብ ይመነዘራል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሁለቱም ዳር የሚመነዝር ገበያ ከሌለ ድልድዩ መሻገሪያ አይሆንም። መኒግራም የተባለው ገንዘብ አስተላላፊ በ2019 ከሪፕል ኩባንያ ጋር በዚህ መንገድ ሊሠራ ተስማምቶ፣ ውሉ በ2021 ተቋርጧል።

በ2015 የተከፈተው ኢቴርየም ከገንዘብነቱ ይልቅ መዝገብነቱ ይልቃል፤ በላዩ ራሳቸውን የሚፈጽሙ ውሎች ሊጻፉበት ይቻላልና። በሴፕቴምበር 2022 አሠራሩን ለውጦ የኤሌክትሪክ ፍጆታውን ከ99 በመቶ በላይ ቀንሷል። መዝገቡ በሚጨናነቅበት ጊዜ ግን ክፍያው ይከብዳል፤ በ2021 ለአንድ ዝውውር በአማካይ ከ50 ዶላር በላይ የተከፈለባቸው ቀናት ነበሩ።

የውጭ አቅራቢዎች ክሪፕቶ ሲሉ ብዙውን ጊዜ የሚያስቡት ግን ከእነዚህ አንዱን አይደለም፤ ስቴብልኮይን የሚባለውን፣ ይልቁንም ቴዘርን ነው። ስቴብልኮይን ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል ሆኖ እንዲቈይ የተደረገ ነው፤ አሳታሚው ኩባንያ ለእያንዳንዱ አንድ ዶላር የሚያህል መያዣ አለኝ ይላል። ስለዚህ የዋጋው መዋዠቅ ይቀራል፤ በምትኩ አሳታሚውን የማመን ጥያቄ ይመጣል። የቀድሞው ነጋዴ በማርያ ቴሬዛ ብር ላይ የንግሥቲቱን ጌጥ ፈርጦች እየቈጠረ ደኅናውን ብር ከመጥፎው ይለይ ነበር፤ የስቴብልኮይንን መያዣ ግን ከኩባንያው ሪፖርት በቀር በዐይኑ ሊያየው አይችልም። ቴዘር ስለ መያዣው የተሳሳተ መግለጫ ሰጥቷል ተብሎ በኦክቶበር 2021 በአሜሪካ የ41 ሚሊዮን ዶላር መቀጫ ተወስኖበታል። ቴራዩኤስዲ የሚባለው መያዣው በባንክ የተቀመጠ ዶላር ሳይሆን የሒሳብ ዘዴ ስለ ነበር፣ በሜይ 2022 በጥቂት ቀናት ውስጥ ፈራረሰ። ዩኤስዲሲም ከመያዣው 3.3 ቢሊዮን ዶላር በከሰረው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በመገኘቱ በማርች 2023 ከ90 ሳንቲም በታች ወርዶ፣ የአሜሪካ መንግሥት አስቀማጮቹን ዋስ ሲሆን በቀናት ውስጥ ተመልሷል።

አላላኩም ጥንቃቄ ይጠይቃል። ቴዘር በኢቴርየምም፣ ትሮን በተባለውም መዝገብ ይዘዋወራል፤ የኢቴርየም አድራሻ በዜሮ፣ የትሮን አድራሻ ደግሞ ቲ በምትባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል። ተቀባዩ በማይጠቀምበት መዝገብ የተላከ ገንዘብ ማስመለሱ አስቸጋሪ ነው፤ አንዳንዴም ፈጽሞ አይገኝም። ደግሞም አጭበርባሪዎች መነሻውና መድረሻው ከእውነተኛው አድራሻ ጋር የሚመሳሰል አድራሻ አዘጋጅተው፣ ነጋዴው ከቀድሞ ዝውውሩ ዝርዝር ተሳስቶ እንዲገለብጠው ያደርጋሉ። ስለዚህ አድራሻውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማመሳከር፣ ከዋናው ክፍያ በፊትም ጥቂት ልኮ መድረሱን በስልክ ማረጋገጥ የጥንቁቅ ሰው ሥራ ነው። የተላከውን የሚያግድ ባንክ የለምና።

ሞኔሮ በ2014 የተጀመረ ሲሆን ላኪውን፣ ተቀባዩንና መጠኑን ይሰውራል። ሒሳቡን ለግብር ሹም ማሳየት ለሚኖርበት የንግድ ቤት ይህ ጠባይ ጥቅም ሳይሆን ችግር ነው፤ ዱባይም በ2023 ባወጣችው ደንብ እንዲህ ያሉትን ከልክላለች።

ከተዘረዘሩት ውስጥ ብቻውን ሌተር ኦፍ ክሬዲትን የሚተካ የለም። በሌተር ኦፍ ክሬዲት ባንኩ የሚከፍለው የጭነት ሰነዱ ተመርምሮ ነው፤ ቴዘር ግን ዕቃው ይጫን አይጫን ሳይጠይቅ ይሄዳል። በአገራችንም የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በጁን 2022 (ሰኔ 2014 ዓ.ም.) ባወጣው ማስታወቂያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ለቢትኮይን አምራቾች የኤሌክትሪክ ኀይል በመሸጡ ግብይቱም ተፈቅዷል ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በቴዘር የከፈለ አስመጪ ለክፍያው የባንክ ሰነድ አይኖረውም፤ ዕቃው ጉምሩክ ደርሶ በምን ምንዛሪ ተገዛ ሲባል የሚያቀርበው የለውም። ሽያጩን በቴዘር የተቀበለ ላኪም፣ የወጪ ንግድ ገቢውን በባንክ በኩል ወደ አገር የማስገባት ግዴታው ሳይፈጸም በስሙ ተመዝግቦ ይቈያል።