የጁሙዐ ማስታወሻ፦ ጠሃራችን ውዱእ ቦታ ላይ አይቅር



አልሐምዱሊላህ፣ ወሶላቱ ወሰላሙ ዐላ ረሱሊላህ። ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ጁሙዐ ሲሆን ገላችንን እንታጠባለን፣ ጥርሳችንን እንፍቃለን፣ ካለን ልብስ የተሻለውን እንለብሳለን፤ ወንዶቹም ሽቶ ተቀብተን ወደ መስጂድ እንሄዳለን። ይህ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሱና ነው፤ አላህ ይቀበለን። ዛሬ ግን ሽቶ የማይደርስባቸውን ቦታዎች እንይ፦ መጸዳጃ ቤቱን፣ የውሃ ጀሪካኑን፣ የእጃችንን መዳፍ።

አተት ሲባል ሰምታችኋል። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። በ2008 ዓ.ም ክረምት አዲስ አበባን ጭምር አስጨንቆ ነበር። በነሐሴ 2014 ደግሞ በባሌ የጀመረው የኮሌራ ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ብዙ አካባቢዎች ተዛምቷል። ኮሌራ የሚያስፈራው በፍጥነቱ ነው። ጠዋት ጤነኛ የነበረ ሰው ሕክምና ካላገኘ ሰውነቱ ውሃ አጥቶ በሰዓታት ውስጥ ሊሞት ይችላል። የሚያሳዝነው ደግሞ በጊዜው ከታከሙት ውስጥ የሚሞተው ከመቶ አንድ እንኳን አለመሙላቱ ነው።

መተላለፊያው ግልጽ ነው። የታመመ ሰው ዓይነ ምድር ሜዳ ላይ ይቀራል፣ ወይም ከሞላ ጉድጓድ ይፈስሳል። ዝናብ ጠርጎ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ምንጭ ይወስደዋል። ዝንብ ወደ ምግብ ያመጣዋል። ያልታጠበ እጅ ደግሞ ወደ ማዕድ ያቀርበዋል። በመጨረሻም በሌላ ሰው አፍ ይገባል። ታይፎይድም፣ የአንጀት ተስቦ የምንለው፣ የሚዞረው በዚሁ መንገድ ነው፤ የሆድ ትላትልና የልጆች ተቅማጥም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉ። የኮሌራ ተህዋስ ከገባባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ብቻ ይይዛቸዋል። ግን ከአንድ እስከ አሥር ቀን ድረስ ተህዋሱን በዓይነ ምድራቸው ያስወጣሉ። ስለዚህ «እኔ አላመመኝም፣ ምን ያስታጥበኛል?» ማለት አያዋጣም። አንተን ምንም ያላደረገህ ነገር የጎረቤትህን ሕፃን ሊገድል ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙዎቻችን የምንሳሳትበት ጉዳይ አለ። በፊቅህ እንደተማርነው ብዙ ውሃ ነጃሳ ቢገባበትም ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው ካልተቀየረ ጠሃራነቱን አያጣም፤ ውዱእ ይደረግበታል። ይህ የአላህ እዝነት ነው፣ ዲኑን አግርቶልናል። ነገር ግን ይህ የዒባዳ ፍርድ እንጂ «ጠጡት፣ አይጎዳችሁም» የሚል የሕክምና ምስክርነት አይደለም። ተህዋስ ቀለም የለውም፣ ጣዕም የለውም፣ ሽታ የለውም።

እ.ኤ.አ 1854 በለንደን ሶሆ ሰፈር የሆነውን እንይ። ብሮድ ስትሪት በተባለው መንገድ ላይ የነበረው የውሃ ፓምፕ በጣዕሙ የተወደደ ነበር። ሐምፕስቴድ በተባለ ራቅ ያለ ሰፈር የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ያንን ውሃ ስለሚወዱት በየቀኑ እያስመጡ ይጠጡ ነበር። ያ ወረርሽኝ ከ600 በላይ ሰዎችን ሲገድል እኚህ ሴትም ሞቱ፤ በሰፈራቸው ግን ኮሌራ አልነበረም። ጆን ስኖው የተባለው ሐኪም የሟቾችን ቤት እየዞረ ጠይቆ ምንጩ ፓምፑ መሆኑን አሳየ፤ የፓምፑም እጀታ ተነቀለ። ከጉድጓዱ አጠገብ ወደ ውሃው የሚሰርግ የመጸዳጃ ጉድጓድ እንደነበር በኋላ ታወቀ። ውሃው የሚጣፍጥ ነበር፤ ግን ይገድል ነበር።

ሱብሃነላህ! ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእንቅልፉ የነቃ ሰው እጁን ሦስት ጊዜ ሳይታጠብ ወደ ውሃ ዕቃ እንዳያስገባ ሲያስተምሩ የሰጡት ምክንያት እጁ የት እንዳደረ አለማወቁ ነው። አስተውሉ፣ እጁ ላይ ቆሻሻ ስለታየ አላሉም። ስላላወቀ ነው። በዓይን በማይታየው ነገር መጠንቀቅን ያኔ አስተምረውናል። በቆመ ውሃ ውስጥ መሽናትን ከልክለዋል። በሰዎች መንገድና በሚጠለሉበት ጥላ መጸዳዳትን እርግማን ከሚያመጡ ነገሮች ቆጥረውታል። የምግብና የውሃ ዕቃ እንዲከደን አዘዋል። ከመይሙና (ረ.ዐ) በተዘገበው ሐዲስ ደግሞ ትጥበት ሲያደርጉ ሐፍረታቸውን ካጠቡበት በኋላ እጃቸውን መሬት ላይ አሽተው እንደታጠቡ እናገኛለን። ውሃ ብቻውን ይበቃል ብለው አልተዉትም። ዛሬ ለኛ ሳሙና አለን። ታዲያ ምን እንላለን?

«አላህ ይጠብቀናል» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ጠባቂው አላህ ነው። ግን እ.ኤ.አ በ1865 በሐጅ ወቅት ኮሌራ መካ ገብቶ በግምት 15 ሺህ ሑጃጆችን ፈጅቷል። ከምድር ሁሉ በላጭ በሆነው ስፍራ፣ በዒባዳ ላይ ያሉ ሰዎች ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። የበሽታ ሰበብ ሙስሊም ነው፣ አይደለም ብሎ አይለይም። ተወኩል ማለት ግመልን አስሮ በአላህ መመካት እንደሆነ ተምረናል፤ ሳሙናው ማሰሪያው ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ፦

1. ከመጸዳጃ ቤት ስንወጣ፣ ምግብ ከማዘጋጀታችንና ከመብላታችን በፊት፣ የሕፃን ዳይፐር ከቀየርን በኋላ እጃችንን በሳሙና ለ20 ሰከንድ እንታጠብ። ሳሙና ከጠፋ አመድም ያገለግላል። ውዱእ ማድረግ ሳሙናን አይተካም።

2. የምንጠጣው ውሃ የሚያጠራጥር ከሆነ እስኪንተከተክ እናፍላው፣ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ እንደ መመሪያው እናክመው። ከዚያ ክዳን ባለው ዕቃ እናኑረው። በእጅ የተያዘ ጣሳ አንንከርበት፤ እናንቆርቁረው።

3. ሰው ተቅማጥና ትውከት ከያዘው ቶሎ ኦ.አር.ኤስ በንጹህ ውሃ በጥብጠን እየሰጠነው ወደ ጤና ጣቢያ እንውሰደው። «ነገ ይሻለዋል» አንበል።

4. በኮሌራ የሞተ ሰው ጀናዛ ሲኖር የጤና ባለሙያ እንጥራ። አጣቢዎቹ ጓንት ያድርጉ፤ ጀናዛ ያጠበ ሰው ለለቅሶ ቤት ምግብ አያዘጋጅ።

5. ሜዳ ላይ መጸዳዳትን እንተው፤ ቤታችን መጸዳጃ ከሌለው ከሰርግና ከቤት ዕቃ በፊት እሱን እናስቀድም።

በመጨረሻ ለወጣቶቻችን አንድ አደራ አለኝ። ዛሬ ከሶላት በኋላ የመስጂዳችሁን መጸዳጃ ቤት ግቡና እዩ። ሳሙና አለ? ውሃ አለ? በሩ ይዘጋል? ለእህቶቻችንስ የተለየ ቦታ አለ? ከሌለ «ኮሚቴው ምን ይሠራል?» ብለን ከማጉረምረም አምስት ሆነን ብር እናዋጣ። አንዱ ሳሙና ይግዛ፣ አንዱ ቧንቧ ያስጠግን፣ ሌሎቹ በተራ ያጽዱ። ሰዕድ ኢብኑ ዑባዳ (ረ.ዐ) ለሟች እናቱ የቱ ሰደቃ በላጭ እንደሆነ ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቅ ውሃ መሆኑ ተነግሮት ጉድጓድ አስቆፍሯል። ከመንገድ ላይ ሰውን የሚያውክ ነገር ማንሳት ከኢማን ቅርንጫፎች አንዱ ከሆነ፣ ሰውን የሚገድል ነገር ከእጅና ከውሃ ላይ ማንሳትማ ምን ያህል አጅር ይኖረው ይሆን?

የመስጂድ መጸዳጃ የሚያጸዱትን አባቶችና እናቶችም ስታገኟቸው ሰላም በሏቸው፣ ዱዓ አድርጉላቸው። ሶላታችን በጠሃራ የሚያምረው በእነሱም ድካም ነው።

አላህ ውስጣችንንም ውጫችንንም ያጥራልን። የታመሙትን ያሽርልን፣ በዚህ በሽታ ያጣናቸውን ይማርልን። በነቢያችን ላይ ሶለዋት ማብዛትና ሱረቱል ካህፍን መቅራት አንርሳ።

ጁሙዐ ሙባረክ!