የምእመናን አድራሻ አደራ ነው
ስለ ጅምላ ኢሜይል አገልግሎት አመራረጥ ለሰበካ ጉባኤ አገልጋዮች የተዘጋጀ ትምህርት



ዛሬ የምንማረው በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎቻችን በየጊዜው ስለሚሠሩት ሥራ ነው፤ ለብዙ ምእመናን በአንድ ጊዜ ደብዳቤ ስለ መላክ። የጾም መግቢያው፣ የንግሡ መርሐ ግብር፣ የጠቅላላ ጉባኤው ጥሪ፣ የሕንፃ ግዢው ሒሳብ፣ የዕረፍት ዜና፣ ይህ ሁሉ አሁን በኢሜይል ይሄዳል። ደብዳቤውን የሚያደርሰው ድርጅት ግን ብዙ ጊዜ የሚመረጠው ከወጣቶቹ አንዱ «ይሄ በነጻ ነው» ስላለ ነው። ምርጫው የጉባኤ ውሳኔ የሚያስፈልገው ለምን እንደሆነ፣ ስንመርጥም ምን ማየት እንዳለብን ረጋ ብለን እንመልከት።

ከመሠረቱ እንጀምር። ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ በመልእክት ስታስተምር ኖራለች። ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቈላስይስ የላከው መልእክት በሎዶቅያም እንዲነበብ አዝዟል፤ አንድ ደብዳቤ ለብዙ ጉባኤ መድረሱ ከዚያ ዘመን የመጣ ልማድ ነው። የሮሜን መልእክት ሐዋርያው ሲናገር የጻፈው ጤርጥዮስ ነበር፤ ይዛው እንደ ሄደች የሚታመነው የክንክራኦስ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ፌቤን ናት። ወደ ኤፌሶንና ወደ ቈላስይስ የተላኩትን ያደረሰው ቲኪቆስ ነው። ባለ መልእክቱ፣ ጸሐፊውና አድራሹ የተለያዩ ሰዎች እንደ ነበሩ ልብ በሉ። ሦስቱም መታመን ነበረባቸው፤ አድራሹ ካልታመነ የጻፈው ሐዋርያ ቢሆንም ደብዳቤው ለጉባኤው አይደርስም።

ከሐዋርያት በኋላም እንዲሁ ነው። የእስክንድርያ አባቶች የጾሙንና የትንሣኤውን ቀን ለግብፅ አብያተ ክርስቲያናት የሚያስታውቁት በየዓመቱ በሚልኩት የፋሲካ ደብዳቤ ነበር። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን ቅዱስ አትናቴዎስ እ.ኤ.አ. በ367 የላከው 39ኛው ደብዳቤ የሐዲስ ኪዳንን 27 መጻሕፍት ዘርዝሮ ያስቀመጠ ነው። ከእነዚህ ደብዳቤዎች አንዱ በመንገድ ቢለወጥ ወይም ሐሰተኛ በስማቸው ቢጽፍ የሚደርሰውን ጉዳት አስቡት። ስለዚህ ዛሬ የኢሜይል አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት ስንመርጥ የምንመርጠው መልእክተኛ ነው። ምእመኑ ስሙንና አድራሻውን የሰጠው ለእናት ቤተ ክርስቲያኑ ነው፤ እኛም ያንን አደራ ለሌላ እጅ እያስተላለፍን ነው።

ብዙዎቻችን የጀመርነው በአንድ የጂሜይል አድራሻ ነው። ነጻው ጂሜይል በቀን ከ500 ተቀባይ በላይ አይፈቅድም፤ የሚከፈልበት የጎግል ወርክስፔስም በቀን 2,000 መልእክት ላይ ያቆማል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። ጸሐፊው ከሥራ ደክሞ ገብቶ አድራሻዎቹን በስውር መላኪያው ሳጥን ውስጥ በመለጠፍ ፈንታ በግልጹ ውስጥ ከለጠፋቸው፣ የ400 ሰው አድራሻ ለ400 ሰው ተበተነ ማለት ነው። በመካከላቸው ጥገኝነት ጠይቃ ያለችበት እንዲታወቅ የማትፈልግ እኅት ልትኖር ትችላለች። ከጨካኝ ባል የሸሸችም ልትኖር ትችላለች። የተበተነ አድራሻ ደግሞ አይሰበሰብም። በሙያው የተሠማራ አገልግሎት ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ስለሚልክ ይህ ስሕተት የሚፈጠርበት ቀዳዳ የለውም። ክፍያ ለምን አስፈለገ ለሚለው ጥያቄ ይህ ብቻ በቂ መልስ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ሐዋርያው የተሰሎንቄን ምእመናን ከእርሱ የመጣ በሚመስል ደብዳቤ እንዳይናወጡ አስጠንቅቋቸው ነበር። በዚያው መልእክት መጨረሻም ሰላምታውን በገዛ እጁ ጽፎ፣ የእርሱን ደብዳቤ ሁሉ የሚለዩበት ምልክት ይህ እንደሆነ ነገራቸው። ፈተናው ዛሬም አለ። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የሃይማኖት አባቶችን መስለው «የስጦታ ካርድ ገዝታችሁ ቁጥሩን ላኩልኝ» ስለሚሉ አጭበርባሪዎች ምእመናንን አስጠንቅቋል። ለአባቶች እንቢ ማለት የሚከብደው ሕዝባችን በዚህ በቀላሉ ይጎዳል።

የእጅ ጽሑፉን ምልክት በኢሜይል የሚተኩ ሦስት ነገሮች አሉ። ኤስፒኤፍ የሚባለው በአጥቢያው ዶሜን (በኢሜይል አድራሻው ከ@ ምልክት በኋላ ባለው ስም) መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች የተጻፉበት፣ ማንም ሊያየው የሚችል መዝገብ ነው። ዲኪም በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ የሚያርፍ ማኅተም ነው፤ በመንገድ ላይ የደብዳቤው ቃል ከተነካ ማኅተሙ አይገጥምም። ዲማርክ ደግሞ ከሁለቱ አንዱም በላኪነት ከሚታየው አድራሻ ዶሜን ጋር ካልገጠመ ተቀባዩ ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል፤ ያሳልፈው፣ ስፓም ውስጥ ይጣለው ወይስ ይመልሰው። ጎግልና ያሁ እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ማንኛውም ላኪ ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ቢያንስ አንዱን፣ በብዛት የሚልክ ሁሉ ደግሞ ሦስቱንም እንዲያሟላ ጠይቀዋል። ለጎግል በብዛት መላክ ማለት በቀን ወደ 5,000 መልእክት ለጂሜይል ተጠቃሚዎች መላክ ነው። የእኛ አጥቢያ ያን ያህል ባይልክም ሦስቱንም ማሟላት ይገባዋል፤ ምክንያቱ የመንጋው ደኅንነት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። አጥቢያው የራሱ ዶሜን ይኑረው፤ በጂሜይል አድራሻ ስም በሌላ ድርጅት ሰርቨር መላክ ከእንግዲህ አያዋጣም። አገልግሎት ሰጪውንም አስቀድማችሁ «በራሳችን ዶሜን መፈረም እንችላለን? መዝገቡን ስናስተካክል የሚረዳን ሰው አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከተድበሰበሰ ወደሚቀጥለው እለፉ። ይሁንና እነዚህ ሦስቱ ተሟልተውም አጭበርባሪ የአለቃውን ስም የሚመስል አዲስ ጂሜይል ከመክፈት አይከለከልም። ስለዚህ ጳውሎስ እንዳደረገው ምልክቱን ለሕዝቡ መንገር ያስፈልጋል፤ ደብዳቤያችን ከየትኛው አድራሻ ብቻ እንደሚመጣና በኢሜይል የስጦታ ካርድ ፈጽሞ እንደማንጠይቅ ከቅዳሴ በኋላ በማስታወቂያ ሰዓት ደጋግማችሁ ተናገሩ።

ቀጥሎ ስለ ፈቃድ እንማር። ሰው ነጻ ፈቃድ ያለው ሆኖ እንደ ተፈጠረ እናስተምራለን፤ ደብዳቤ አላላካችንም ይህን ትምህርት መምሰል አለበት። አንድ አባት ለልጁ የክርስትና ምስክር ወረቀት ሲያወጣ የሞላው ቅጽ ላይ ያለው አድራሻ ለምስክር ወረቀቱ የተሰጠ ነው፤ ለወርኃዊ ደብዳቤ ከፈለግነው ፈቃዱን እንጠይቀው። በቅጹ ላይ «ከአጥቢያው በኢሜይል ደብዳቤ እንዲደርሰኝ እፈልጋለሁ» የሚል አንድ መስመር ይበቃል። ጥሩ አገልግሎት ሰጪ ከዚህም አልፎ ሰውየው በኢሜይሉ ገብቶ ራሱ እንዲያረጋግጥ ያደርጋል፤ ይህም የተሳሳተ ፊደል ያለባቸውን አድራሻዎች ያጠራል። ከሌላ ማኅበር የተዋሳችሁትን ዝርዝር ግን አታስገቡ።

ከዝርዝሩ ልውጣ የሚል ሰው ሲመጣ ብዙ ጉባኤዎች ያዝናሉ፤ አንዳንዶችም ስልክ ደውለው «ምን በደልንህ?» ይላሉ። ይህ መልካም አይደለም። ሰውየው ከኢሜይል ዝርዝር ወጣ እንጂ ከቤተ ክርስቲያን አልወጣም። መውጫውን ደብቀን ካስቸገርነው «ይህ ስፓም ነው» የሚለውን ይጫናል። ጎግል በብዛት ለሚልኩ ያስቀመጠው የአቤቱታ ጣሪያ 0.3 በመቶ ነው፤ ከ1,000 ሰው ሦስቱ ቢጫኑ እዚያ ደረስን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሕማማት መርሐ ግብራችን ሊቀበሉት ለሚናፍቁት አረጋውያን ጭምር ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ በአንድ ጠቅታ የሚያስወጣ፣ የወጣውንም ሰው ተሳስተን መልሰን እንዳናስገባው የሚከለክል አገልግሎት ምረጡ። «እነዚህን አድራሻዎች ከየት አገኛችሁ?» ብሎ የሚመረምራችሁ ድርጅት ካጋጠማችሁም አትከፉ። ብዙ ደንበኞች በአንድ ሰርቨር ስለሚጠቀሙ፣ ሌላውን ደንበኛ የማይመረምር ድርጅት የእናንተንም ስም ያስነቅፋል።

አንድ ነገር ደግሞ በቅርበት እንይ። እነዚህ አገልግሎቶች አብዛኞቹ የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላላቸው ሕዝቦች ነው። ዓለሙ ከበደ የሚባል ምእመን ቅጹን ሲሞላ ከበደ በመጨረሻው ሳጥን ይገባል፤ ሰላምታውን ማሽኑ ሲያዘጋጅ «ውድ አቶ ከበደ» ይላል። ከበደ አባቱ ናቸው፤ ምናልባትም ባለፈው ዓመት ተዝካራቸውን ያወጣንላቸው። ይህን ደብዳቤ የሚከፍተው ልጅ ምን እንደሚሰማው አስቡት። ስለዚህ ሳጥኖቹን ራሳችን ሰይመን የማዕረግ ስም፣ የራስ ስም፣ የአባት ስም ብለን ልንከፍት የምንችልበት፣ በሰላምታውም የራስ ስምን የሚጠራ አገልግሎት ያስፈልገናል። ቀሲስ፣ ዲያቆን፣ ወይዘሮ የሚለው ለየሰው በትክክል ይግባ። የደብዳቤው አካል በአንቱታ ከተጻፈ ወንድ ሴት መለየት አያስቸግርም፤ «እንዲገኙልን» ለሁሉም ይሆናል።

የአማርኛውን ፊደልም ፈትኑ። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ስለገባ ዛሬ በየትኛውም ስልክ መነበብ አለበት፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች ተጽፎ የቆየ ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍ ግን የማይነበብ ምልክት ያመጣል። ደብዳቤውን ሁሉ በአንድ ሥዕል ሠርቶ መላክም ልማድ ሆኗል፤ ውብ ነው፣ ነገር ግን ለዐይነ ስውሩ ምእመን ስልኩ ሊያነብለት አይችልም፣ የስፓም ማጣሪያም በጥርጣሬ ያየዋል። ሥዕሉን ከላይ አድርጉት፤ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በፊደል ጻፉ።

ብዙዎቹ አገልግሎቶች ደብዳቤውን ማን እንደከፈተና የትኛውን ሊንክ እንደተጫነ ይመዘግባሉ። ይህ ለነጋዴ ይጠቅመው ይሆናል። አንድ ምእመን የንስሐ ትምህርት የያዘውን ደብዳቤ ስንት ጊዜ እንደከፈተ ማወቅ ግን የጉባኤው ድርሻ አይደለም። የመክፈቻ ቁጥሩም እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ አፕል የተጠቃሚዎቹን ምስጢር ለመጠበቅ ባደረገው ለውጥ ምክንያት አያስተማምንም። ስለዚህ ክትትሉን ማጥፋት የሚፈቅደውን ምረጡ፤ አጥፉትም።

አሁን ጠብ የሚያመጣውን ነገር ልናገር። አካውንቱ የማን ነው? በበጎ ፈቃድ የሚያገለግል ወንድም በግል ኢሜይሉና በግል ካርዱ ከፍቶት ከሆነ፣ ወደ ሌላ ግዛት ሲዛወር ወይም ከጉባኤው ጋር ሲቃቃር የሕዝቡ ዝርዝር አብሮት ይሄዳል። ወንድማችን ክፉ ሳይሆን እንኳ ይህ ይደርሳል። አካውንቱ በጽሕፈት ቤቱ አድራሻ ይከፈት፤ በጉባኤው የባንክ ካርድ ይከፈል፤ ሁለት ኃላፊዎች ይኑሩት፤ የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይብራ፤ የአገልግሎት ዘመኑን የጨረሰ ሰው መግቢያ በዚያው ሳምንት ይዘጋ። ዝርዝሩን በማንኛውም ጊዜ አውርዶ ማስቀመጥ መቻሉንም አረጋግጡ። ድርጅት ስትቀይሩ በፈቃዳቸው የወጡትንም ሰዎች ዝርዝር ይዛችሁ ሂዱ፤ አለበለዚያ በአዲሱ ቤት ለእነርሱም ትልካላችሁ።

ስለ ዋጋ ብዙ አልናገርም። አንዳንዱ በዝርዝሩ ባሉት ሰዎች ብዛት፣ አንዳንዱ በተላከው መልእክት ብዛት ያስከፍላል። 1,200 ምእመን ኖሮት በወር ሁለት ጊዜ የሚልክ አጥቢያ 2,400 መልእክት ብቻ ስለሚልክ፣ በመልእክት ብዛት መክፈል ብዙ ጊዜ ይቀለዋል። የአማዞን ኤስኢኤስ ለ1,000 መልእክት 10 ሳንቲም የአሜሪካ ገንዘብ ነው የሚያስከፍለው፤ ግን ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያ የሌለው አጥቢያ አይሞክረው። ለበጎ አድራጎት ድርጅቶች ቅናሽ የሚያደርጉም ስላሉ ሳትጠይቁ አትፈርሙ።

ሕጉንም ማክበር ይገባል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣችው የኢሜይል ሕግ የሚመለከተው የንግድ መልእክትን ነው፤ የእራት ትኬት ስንሸጥ ሊመለከተን ስለሚችል እውነተኛ የፖስታ አድራሻችንን መጻፍና ልውጣ ያለውን በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ማውጣት ይጠበቅብናል። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከሜይ 25 ቀን 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ሕግ የሰውን እምነት የሚገልጥ መረጃ በተለየ ጥንቃቄ እንዲያዝ ያዝዛል፤ ቤተ ክርስቲያን የአባላቷን መረጃ መያዝ ብትችልም ያለ ፈቃዳቸው ወደ ውጭ ማውጣት አትችልም። በአገር ቤትም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል።

እንግዲህ ከመወሰናችሁ በፊት ይህን አድርጉ። ሁለት ወይም ሦስት አገልግሎት ሰጪዎች ለዩ፤ አንዱን የአማርኛ ደብዳቤ በሁሉም በኩል ለጉባኤው አባላት ላኩ። በጂሜይል፣ በያሁና በአውትሉክ፣ በአሮጌ ስልክም ክፈቱት። ስፓም ውስጥ ገባ? ስሙ በትክክል ተጠራ? መውጫውን ስትጫኑ ወጣችሁ? ጥያቄ ስትልኩ መልስ የሚሰጥ ሰው አለ? ያያችሁትን በቃለ ጉባኤ አስፍራችሁ በድምፅ ወስኑ። ኢሜይል የሌላቸውን እናቶችና አባቶች ስም ደግሞ በሌላ ወረቀት ጻፉና ማን በስልክ እንደሚነግራቸው በዚያው ስብሰባ መድቡ።