ሀብትዎ የስንት ወር ነው?

ብዙ ሰው ግቡን በክብ ቁጥር ያስቀምጣል፤ «አንድ ሚሊዮን ብር ስይዝ» ይላል። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ብር ከመቀነሱ በፊት አንድ ሚሊዮን ብር በባንክ ምንዛሪ ከ42,000 ዶላር በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና በ2017 ዓ.ም. አጋማሽ ያው አንድ ሚሊዮን 8,000 ዶላር ገደማ ሆነ። በብር የተተከለ ግብ እየቀረቡት ይሸሻል። አንድ ቀን ከደመወዝ ወይም ከሱቅ ባንኮኒ ነፃ መውጣት የሚፈልግ ሰው ራሱን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነው፦ ያለኝ የተጣራ ሀብት ቤቴን ስንት ወር ያስተዳድራል? አሠራሩ እነሆ። ምሳሌዎቹን ያመጣሁት ከአራዳና ከፒያሳ ነው፤ ወርቁም፣ ዕቁቡም፣ የቀበሌ ቤቱም ጉዳይ እዚያ ጎልቶ ይታያል።

በቅድሚያ የቆጠራ ቀን ይምረጡ። ለነጋዴ ሰኔ 30 ይመቻል፤ ሒሳብ የሚዘጋበትና ዕቃ የሚቆጠርበት ቀን ነው። ለደመወዝተኛ ጳጉሜን ይሻላል። በዓመት አንድ ጊዜ ይበቃል። ባለትዳር ከሆኑ አብረው ይቀመጡ። በፌዴራሉ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ መሠረት በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ እንደሆነ ይገመታልና፣ አንዱ ብቻ የሚያውቀው ቆጠራ ጎዶሎ ይሆናል።

ቀጥሎ አንድ ገጽ ለሁለት ከፍለው በአንድ ወገን ያለዎትን፣ በሌላው ያለብዎትን ይጻፉ። የባንክና የቴሌብር ሒሳብ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው በዕቁብ ነው። 20 ሰው በወር 5,000 ብር የሚጥልበት ዕቁብ ውስጥ ነዎት እንበል፤ ጥቅሉ 100,000 ብር ነው። 12 ወር ጥለው ዕጣ ካልወጣልዎ 60,000 ብር ሀብት አለዎት። በአራተኛው ወር ወጥቶልዎ ከሆነ ግን 20,000 ጥለው 100,000 ወስደዋል፤ 80,000ው ዕዳ ነውና ባለብዎት ወገን ይግባ። ዕቁብ በወጣ ማግስት «ገንዘብ ያዝኩ» የሚያሰኘው ስሜት ብዙ ቤት አናግቷል። ዕድር ግን የትም አይጻፍ፤ ለክፉ ቀን የሚደርስ ዋስትና ነው እንጂ የሚሸጥ ነገር አይደለም።

ወርቅ ላይ ትንሽ እንቆይ። በገዙበት ዋጋ አይቁጠሩት። ወርቁን ይዘው ፒያሳ ወርቅ ቤት ይግቡና «ስንት ነው የምትሸጡት?» ሳይሆን «በስንት ትገዙኛላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሲገዙ የከፈሉት የሠሪው የእጅ ዋጋ ሲሸጡ አይመለስም፤ የሚታሰብልዎ ግራሙና ካራቱ ነው። 20 ግራም ባለ 18 ካራት ሐብል ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ 15 ግራም ነው፤ በ21 ካራት 17.5 ግራም ይሆናል። ሁለት ሦስት ቤት ጠይቀው ዝቅተኛውን ይጻፉ። መቼም የማይሸጡት የሠርግ ቀለበት ወይም የእናት መስቀል ከሆነ ከቆጠራው ያውጡት።

የቤት ጉዳይ ለአራዳ ሰው ከሁሉም ይከብዳል። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ከተወረሰ ጀምሮ ብዙ ቤተሰብ መሀል ከተማ ላይ በጥቂት ብር ኪራይ የቀበሌ ቤት ውስጥ ኖሯል። ልጅ አሳድጎበታል፣ በሩ ላይ ሱቅ ከፍቶ ነግዶበታል። ያ ቤት ትልቅ ጥቅም ነበር፤ ሀብት ግን አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ፣ ዶሮ ማነቂያን ጨምሮ፣ ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ተዛወረ፤ ከቤቱ ጋር የሰፈሩ ደንበኛና ቅርበቱም ቀረ። ስለዚህ የቀበሌ ቤት በቆጠራው ዜሮ ነው። ይልቅ ገበያ ላይ ቢከራዩ የሚከፍሉትንና አሁን የሚከፍሉትን ያነጻጽሩና ልዩነቱን በየወሩ ያጠራቅሙ፤ ቤቱ ወደ ሀብት የሚለወጠው በዚህ መንገድ ብቻ ነው። የራስዎ ቤት ወይም ኮንዶሚኒየም ካለዎት ከዋጋው ቀሪ የባንክ ዕዳውን ቀንሰው ለብቻው መስመር ይጻፉት። የሚኖሩበት ቤት ኪራይ ያድንልዎታል፣ ግን በርበሬ አይገዛልዎትምና ከወሩ ስሌት ውጭ ይሁን።

በዕዳው ወገን የባንክና የመሥሪያ ቤት ብድር፣ የሱቅ ዱቤ፣ ከዘመድ የተወሰደ ሁሉ ይግባ። ለዘመድ ያበደሩት ግን፣ እስኪመለስ ድረስ እንደሌለ ቢቆጠር ይሻላል። ጡረታም እዚህ አይገባም፤ የግል ድርጅት ሠራተኛ ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ የሚከፍሉበት ወደፊት የወር ገቢ ሆኖ የሚመጣ ነው።

ካለዎት ያለብዎትን ይቀንሱ። ከዚያ የዓመቱን ወጪ ለ12 ያካፍሉ። ያለፈውን ወር ወጪ ብቻ አይውሰዱ፤ የመስከረም የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የፋሲካው በግ፣ ሠርግና ልቅሶ፣ ለቤተሰብ የሚላከው ሁሉ ይግባበት። የተጣራው ሀብት 600,000 ብር፣ የወር ወጪው 20,000 ብር ከሆነ ሀብትዎ የ30 ወር ነው።

አሁን እርከኖቹን ይትከሉ። የመጀመሪያው ዜሮ ነው፤ በዕዳ ላለ ሰው ዜሮ መድረስ ትልቅ ድል ነውና በዓል ቢያደርገው አይበዛበትም። ሁለተኛው ሦስት ወር፦ አከራይ «ልቀቁ» ሲል ወይም ሰው ሲታመም አበዳሪ ሳይፈልጉ የሚያልፉበት ነው። ሦስተኛው 12 ወር፦ ሱቅ ቢዘጋ ሌላ ቦታ ለመቋቋም ጊዜ ይሰጣል። አራተኛው 60 ወር ሲሆን፣ የማይወዱትን ሥራ እምቢ ማለት የሚቻለው እዚህ ላይ ይመስለኛል። የመጨረሻው 300 ወር፣ ማለትም የ25 ዓመት ወጪ ነው። ይህ ልክ የመጣው አሜሪካዊው ዊልያም ቤንገን በ1994 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጥናት ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ከሀብቱ 4 በመቶ፣ ማለትም አንድ ሃያ አምስተኛውን፣ የሚያወጣና ከዚያ በዋጋ ንረት ልክ እያስተካከለ የሚሄድ ሰው ገንዘቡ 30 ዓመት ያዘልቀዋል ይላል። ስሌቱ ግን የአሜሪካን አክሲዮንና ቦንድ የተከተለ ነው። እኛ ዘንድ የቁጠባ ወለድ ዝቅተኛው 7 በመቶ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ነበር። በባንክ የተኛ 300 ወር በእንዲህ ያለ ዓመት 300 ሆኖ አይቆይም። ስለዚህ እርከኑ ከፍ ባለ ቁጥር ሀብቱ የተቀመጠበት ቦታም መለወጥ አለበት።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በባንክ ይቀመጡ፤ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ለአንድ ሰው በአንድ ባንክ እስከ 100,000 ብር ድረስ ይሸፍናልና ከዚያ የሚበልጠውን በሌላ ባንክ ማስቀመጥ ይበጃል። ከ12 ወር በኋላ የሚከራይ ነገር፣ የራስን ንግድ ማስፋት ወይም አክሲዮን ይታሰብ። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. አክሲዮኑን በ300 ብር ሲሸጥ ዝቅተኛው ግዢ 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር፤ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋይ ገበያም ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከፍቶ ወጋገን ባንክን አስመዘገበ። አክሲዮን ሊያከስርም እንደሚችል፣ በፈለጉት ቀን ገዢ ላይገኝ እንደሚችልም ታስቦ ይገባበት።

በዓመቱ ቁጥሩን ከአምናው ያስተያዩ። አምና 600,000 ብር በ20,000 ሲካፈል 30 ወር ነበር። ዘንድሮ 750,000 ብር ይዘው የወር ወጪው 30,000 ከሆነ 25 ወር ነው፤ ብሩ ጨምሮ ሀብቱ በአምስት ወር ቀነሰ ማለት ነው። ይህን ሲያዩ ራስዎን ይጠይቁ፦ ወጪው የጨመረው በገበያው ነው ወይስ ኑሮው ሰፍቶ? ትልቁ ገንዘብስ የተኛው በየትኛው መስመር ላይ ነው? መልሱን ከቁጥሩ ጎን በአጭሩ ይጻፉና የሚቀጥለውን ዓመት ሥራ ከዚያ ይጀምሩ።