ውሃ ወደ ጀልባ ሞተር በገባ ጊዜ ስለሚያደርሰው ጉዳት

ውሃ ጀልባን ይሸከማል፤ ሞተርንም ያቀዘቅዛል። ነገር ግን ይኸው ውሃ በማይገባው ስፍራ የገባ እንደ ሆነ ብረት ያጣምማል። ይህን የሰማ ሰው ሊጠራጠር ይችላል፤ ውሃ ከብረት ይልቅ ለስላሳ ነውና። ስለዚህ መምህራንና ማንበብ የሚችሉ ሽማግሌዎች ነገሩን መርምረው ለልጆችም፤ በጀልባ ለሚተዳደሩ ሰዎችም እንዲያስረዱ ምክንያቱን በየተራው ከዚህ በታች እንገልጻለን።

አንደኛ፤ ስለ አየርና ስለ ውሃ ጠባይ።

አየር ሲጫኑት ይታመቃል፤ ሲለቁትም ይስፋፋል። ውሃ ግን ቢጫኑት እሺ አይልም። የውሃን መጠን ከመቶ አንድ እጅ ብቻ ለማሳነስ፤ በዙሪያችን ያለው አየር ከሚጫነን ከ200 እጅ የሚበልጥ ኃይል ያስፈልጋል። መምህሩ ይህን በክፍል ውስጥ ያለ ብዙ ድካም ሊያሳይ ይችላል። መርፌ የሌለው አዲስ ስሪንጅ ወስዶ አየር ይሳብበት፤ አፉንም በጣቱ ደፍኖ ይግፋው፤ ግማሽ መንገድ ያህል ይገባለታል። ከዚያ በኋላ አየር ሳያስቀር ውሃ ሞልቶ እንደዚያው ይግፋው፤ አይነቃነቅም። የጉዳቱ ሁሉ ሥር ይህ ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ሞተር አሠራር።

ሩዶልፍ ዲዝል የሚባለው የጀርመን መሐንዲስ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1897 ዓመት በአውግስቡርግ ከተማ ፈትኖ ያስመሰከረው የናፍጣ ሞተር፤ እሳት የሚያገኘው አየርን በብርቱ በማመቅ ነው። ሲሊንደር በሚባለው ክብ የብረት ቤት ውስጥ ፒስተን ይወጣል፤ ይወርዳል። በመጀመሪያው ጉዞ ወርዶ አየር ይስባል፤ በሁለተኛው ወጥቶ አየሩን ያምቃል፤ በሦስተኛው የተረጨው ናፍጣ ነድዶ ወደ ታች ይገፋዋል፤ በአራተኛው ወጥቶ ጢሱን ያስወጣል።

አሁን አየሩን 17 ለ1 የሚያምቅ ሞተር እንውሰድ። ፒስተኑ ከታች ሳለ በላዩ ያለው ባዶ ቦታ 510 ኩብ ሴንቲሜትር ቢሆን፤ ወደ ላይ በደረሰ ጊዜ የሚቀረው 30 ኩብ ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ይህም ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። እንግዲህ ከዚህ የሚበልጥ ውሃ በውስጡ ካለ ፒስተኑ ሊያልፍ አይችልም። በሚያምቅበት ጊዜ በሮቹ ሁለቱም የተዘጉ ስለ ሆኑ ውሃው መሄጃ የለውም። ስለዚህ ወይ ሞተሩ ይቆማል፤ ወይ ብረቱ ይሸነፋል።

ሦስተኛ፤ ውሃው በየት በኩል እንደሚገባ።

በባሕር የሚሄዱ፤ ሞተራቸው በሆዳቸው የተተከለ ብዙ ጀልባዎች የማቀዝቀዣ ውሃ በፓምፕ ከባሕር ይስባሉ። ውሃውም ሥራውን ከፈጸመ በኋላ ወደ ጢስ ማውጫው ቱቦ ገብቶ ከጢሱ ጋራ ተገፍቶ ይወጣል። ይህ አሠራር መልካም ነው፤ ነገር ግን በሚከተሉት መንገዶች ሊከዳ ይችላል።

1. ሞተሩ አልነሣም ብሎ ሞተሪኖው ለረዥም ጊዜ የዞረ እንደ ሆነ፤ ፓምፑ ውሃ መስደዱን አይተውም፤ ውሃውን ገፍቶ የሚያወጣው ጢስ ግን የለም። ስለዚህ ማርሚታው ይሞላል፤ ውሃውም ወደ ኋላ ተመልሶ በጢስ መውጫው በር ወደ ሲሊንደሩ ይገባል።

2. የማቀዝቀዣው ውሃ ከጢስ ቱቦው ጋራ የሚገናኝበት ስፍራ ከውጭው ውሃ ልክ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ፤ ሞተሩ ቆሞ ሳለ ውሃው በራሱ ይፈሳል። ይህን ለመከልከል ቱቦው እንደ ቀስት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ በጫፉም አየር የሚያስገባ ትንሽ ክዳን ይደረግበታል። ክዳኑ በጨው በተደፈነ ጊዜ ግን ጀልባው ታስሮ ሲያድር ሞተሩ ውሃ ሲጠጣ ያድራል።

3. ብርቱ ማዕበል ከኋላ መጥቶ በጢስ ማውጫው አፍ ሊገባ ይችላል። የሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ የተበላሸ እንደ ሆነም ውሃው ከሞተሩ ከራሱ ውስጥ ሾልኮ ይገባል።

4. እንደ ጣና ባሉ ሐይቆቻችን በጀልባ ጀርባ የሚታሰር ትንሽ ሞተር አለ። ይህ ሞተር እየዞረ ሳለ ጀልባው ቢገለበጥ በአየር ፈንታ ውሃ ይስባል፤ ይህም ከሁሉ ይልቅ የከፋ ነው።

አራተኛ፤ ስለሚያደርሰው ጉዳት።

ሞተሩ በፍጥነት እየዞረ ሳለ ውሃ የሳበ እንደ ሆነ፤ ፒስተኑን ከታችኛው ዘንግ ጋራ የሚያያይዘው፤ መካኒኮች ቢዬላ የሚሉት ብረት ይጣመማል ወይም ይሰበራል። ስባሪውም የሞተሩን ግድግዳ በስቶ ሊወጣ ይችላል። በሞተሪኖ ኃይል ብቻ ሲዞር የቆመ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ ይድናል። ሆኖም ሰው በግድ ደጋግሞ ቢያስነሣው ቢዬላው በጥቂቱ ሊጎብጥ ይችላል። ይህ የተሰወረ ጉዳት ነው፤ ሞተሩ ይነሣልና ባለቤቱ ዳነ ብሎ ደስ ይለዋል። የጎበጠው ብረት ግን አጥሯል፤ አየሩን በሚገባ አያምቅም፤ ጢሱም ይበዛል። በኋላም አንድ ቀን መንገደኛ ጭኖ ከዳር በራቀበት ሰዓት ይሰበርና ጀልባው ለነፋስ ተጥሎ ይቀራል።

ዳግመኛም ብረቱ ባይጣመም እንኳ ውሃው በውስጡ ከቆየ ያዝገዋል። የባሕር ውሃ ጨው ስላለበት ከሐይቅ ውሃ ይልቅ ፈጥኖ ያበላሻል።

አምስተኛ፤ ስለ ምልክቱ።

ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ አንድ ጊዜ ድም ብሎ ቀጥ ይላል። ብዙ ሰው ባትሪው ደክሟል ብሎ ሌላ ብርቱ ባትሪ ያመጣል፤ በዚህም ሊድን የሚችለውን ሞተር ራሱ ይሰብረዋል። ስለዚህ ባትሪው ደኅና ሆኖ ሳለ ሞተሩ እንዲህ የቆመ እንደ ሆነ ሁለተኛ አትጫኑት። ዘይቱንም ተመልከቱ፤ ወተት የገባበት ቡና መስሎ ከተገኘ ውሃ ተቀላቅሎበታል።

ስድስተኛ፤ መደረግ ስለሚገባው።

አስቀድሞ ባትሪው ይፈታ፤ ውሃ የሚገባበትም ቧንቧ ይዘጋ። ከዚያ በቤንዚን ሞተር ካንዴላዎቹ፤ በናፍጣ ሞተር ናፍጣ የሚረጩት መርፌዎች ይውጡ። ሞተሩም በመፍቻ በእጅ ቀስ ተብሎ ይዙር፤ ውሃው በቀዳዳዎቹ ይወጣል። በዚህ ጊዜ ፊትን ከቀዳዳው ማራቅ፤ እሳትም አለማቅረብ ይገባል። በእጅ ሲዞር እንቅፋት ካለ ግን መካኒክ ሳያየው አይነሣ።

ውሃው ካለቀ በኋላ ማርሚታው ይራገፍ፤ ዘይቱ ይለወጥ፤ በየሲሊንደሩም ጥቂት ዘይት ይጨመር። ውሃው የገባበት ምክንያት ሲገኝና ሲታረም ሞተሩ ሳይውል ሳያድር ይነሣ፤ እስኪሞቅም ይሥራ። ዘይቱ እስኪጠራ ድረስ ደግሞ ደጋግሞ ይለወጥ።

ለወደፊቱም ሞተሩ ቶሎ አልነሣ ካለ፤ የውሃውን ቧንቧ ዘግቶ መሞከር፤ እንደ ተነሣም ወዲያው መክፈት ያስፈልጋል። የተዘጋውን መርሳት ሌላ ጥፋት ነው፤ በፓምፑ ውስጥ ያለው የጎማ መዘውር ያለ ውሃ ሲዞር ይቃጠላልና። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ለተማሪዎች ጥያቄ።

1. በስሪንጁ ውስጥ አየሩ ሲታመቅ ውሃው ያልታመቀው ስለ ምን ነው?
2. ጠቅላላ ቦታው 640 ኩብ ሴንቲሜትር የሆነ ሲሊንደር አየሩን 16 ለ1 ቢያምቅ፤ ፒስተኑ ላይ ሲደርስ የሚቀረው ቦታ ስንት ነው?
3. ድም ብሎ የቆመን ሞተር በሌላ ባትሪ ማስነሣት ጉዳቱ ምንድር ነው?