ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት፦ ለሰበካ ጉባኤያትና ለሠልጣኝ ወጣቶች የቀረበ ትምህርት

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በለገሃር በኩል የቸርችልን ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የወጣ ሁሉ የአዲስ አበባን ዳገት ያውቀዋል። ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናትም በኮረብታ ላይ የተሠሩ ስለሆኑ፣ የሰበካው ተሽከርካሪ ካህናትን ወይም እህል ጭኖ ሲወጣ ዳገት ላይ መቆሙ አይቀርም። ስለዚህ በመንጃ ፈቃድ ፈተና ሠልጣኙን የሚያስጨንቀው ዳገት ላይ አቁሞ የመነሣት ተግባር ከፈተናው በኋላም የሰው ሕይወት የሚጠበቅበት ሙያ ነው።

ምክንያቱን እንመልከት። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ፣ ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሚኒባስ በ250 ኪሎ ግራም ክብደት ልክ ወደ ኋላ ይጎተታል። የሚይዘው ከሌለ በ2 ሰከንድ ውስጥ 2 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል። ይህ ርቀት በከተማ ከኋላ የቆመ መኪና፣ በንግሥ ዕለት ደግሞ እናቶችና ሕፃናት የሚገኙበት ነው።

በተጨማሪም አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ስስ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር በባሕር ዳርቻ ከሚሰጠው ኃይል አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለሆነም ለሜዳ የበቃ ነዳጅ ለዳገት አይበቃም፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሠልጣኙም ደንግጦ ፍሬኑን ይለቃል።

የትምህርቱ ሥር አንድ ነው፦ አንዱ መያዙ ሳይረጋገጥ ሌላው አይለቀቅም።

ሲቆም፦ አሽከርካሪው በእግር ፍሬን ተሽከርካሪውን ፈጽሞ ያቆማል፤ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ ይስባል፤ ማርሹን ዜሮ ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ብቻ እግሩን ከፍሬን ያነሣል።

ሲነሣ፦ ፍሪሲዮኑን እስከ መጨረሻው ረግጦ አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ በስፖኪዮ ከኋላና ከጎን ያለውን ይመለከታል። መጠነኛ ነዳጅ እየሰጠ ፍሪሲዮኑን በዝግታ ይለቃል። የሞተሩ ድምፅ ሲወፍርና የተሽከርካሪው አፍንጫ ቀና ሲል፣ ሞተሩ ጎማውን መያዝ ጀምሯል ማለት ነው። በዚያ ስፍራ እግሩን ጸጥ አድርጎ የእጅ ፍሬኑን ይለቃል፤ ነዳጅ እየጨመረም ይወጣል።

ሞተሩ ቢጠፋ አስቀድሞ የእግር ፍሬን፣ ቀጥሎ የእጅ ፍሬን ይያዛል፤ ቁልፉ የሚዞረው ከዚያ በኋላ ነው። ተሽከርካሪን በፍሪሲዮን ብቻ ዳገት ላይ አንጠልጥሎ ማቆየት ግን ፍሪሲዮኑን ያቃጥላልና ሊለመድ አይገባም።

በአዋጅ ቁጥር 1074/2010 መሠረት የሚሰጠው የአሽከርካሪ ብቃት ማረጋገጫ ፈቃድ ለሥራ የሚያበቃ ማስረጃ ነው። ይሁን እንጂ ሰበካ ጉባኤው ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የሚከተሉትን ቢፈጽም ይበጃል።

1. አመልካቹ ልምድ ባለው አሽከርካሪ ፊት፣ ሰው በሌለበት ዳገት ላይ፣ መጀመሪያ በባዶ ኋላም በጭነት፣ ደጋግሞ ቆሞ ይነሣ።

2. የእጅ ፍሬኑ ብቻውን ተሽከርካሪውን ዳገት ላይ የማይዝ ከሆነ፣ እስኪጠገን ድረስ ሰው አይጫንበት።

3. በተሽከርካሪው ውስጥ ሁልጊዜ ታኮ ይኑር፤ ዳገት ላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆምም ከጎማው ሥር ይደረግ።

4. በበዓላት ቀን አስተናባሪዎች ከሚወጣ ተሽከርካሪ ኋላ ሕዝብ እንዳይጠጋ ያድርጉ።

5. ለሥልጠና የሚረዱ ወጣቶች ፈተናውን ለማለፍ ያህል ብቻ ሳይሆን እስኪለምዱት ድረስ የዳገት ልምምድ ይሰጣቸው።

በፈተና ዕለት ወደ ኋላ የተንሸራተተ ሠልጣኝ ሌላ ቀን ቀጠሮ ተይዞለት ይፈተናል። ምእመናን ከኋላ ቆመው ሳለ ለተንሸራተተ ግን ሁለተኛ ቀጠሮ የለውም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ወደ አጥቢያችን ቤተ ክርስቲያን በሚወስደው መንገድ አደገኛው ዳገት የትኛው ነው?

ለ. የተሽከርካሪያችን የእጅ ፍሬን ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ ነው? ኃላፊነቱስ የማን ነው?